በሳምንት ሁለት ቀን፣ 60 ውሻ፦ የመጠለያውን ሥራ ልቀበል?

ጥያቄ፦ «የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ሀዋሳ አቅራቢያ ባለ የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ እሠራለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው ከብትና በግ ነው። አሁን ከተማው ዳር ያለ የውሻ መጠለያ ቅዳሜና እሁድ ፓርት ታይም እንድሠራላቸው ጠይቆኛል። ወደ 60 ውሻና ጥቂት ድመቶች አሏቸው። የሚከፍሉኝ በታከመ እንስሳ ቁጥር ነው። ሥራው ክትባትና ማምከን ስለሆነ ቀላል ይመስለኛል። ውሾቹ ሁሉ ተከትበዋል ስለተባልኩ፣ እኔ ከተነከስኩ ያኔ እከተባለሁ ብዬ ነው ያሰብኩት። ጓደኞቼ ግን ‹የውሻ ሐኪም ተብለሽ ልትቀሪ ነው› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ተቀበዪ። ግን በቀረበልሽ መልክ አትቀበዪው። ቀላል ያልሽው ሥራ ቀላል አይደለም። የክፍያው አሠራርም ስህተት ነው። ስለ ራስሽ ክትባት ያሰብሽው ደግሞ ሕይወትሽን ሊያሳጣሽ ይችላል። ከእሱ ልጀምር።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል። ሰው ከሚይዘው ውስጥ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ይህን ተምረሽዋል። በሽታው መጠለያ ውስጥ በምን መልክ እንደሚመጣ ግን በሥራ ላይ ነው የሚታወቀው። ሁልጊዜ አረፋ እየደፈቀ፣ ያገኘውን እየነከሰ አይመጣም። ዝም ብሎም ይመጣል። መጠለያ ውስጥ መሥራት በጀመርኩበት ሰሞን የአራት ወር ገደማ ቡችላ አመጡልኝ። አፏ አልገጥም ብሏል፣ ለሃጯ ይዝረከረካል፣ መዋጥ አቅቷታል። «አጥንት ተቀርቅሮባት ነው» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ጓንት ሳላደርግ ጣቴን ጉሮሮዋ ድረስ ከትቼ ፈለግሁ። አጥንት የሚባል ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሞተች። የላቦራቶሪ ውጤቱ የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑን አሳየ። ያኔ አልተከተብኩም ነበር። ክትባት ፍለጋ የተንከራተትኩባቸውን ቀናት እስከ ዛሬ አልረሳቸውም። መንጋጋው የወደቀና መዋጥ ያቃተው ውሻ ሁሉ፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ በሽታው እንዳለበት ቁጠሪው። እጅሽን አፉ ውስጥ አትክቺ።

ስለዚህ ከመጀመሪያው የሥራ ቀንሽ በፊት ተከተቢ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር መሠረት ቅድመ ክትባቱ ሁለት ቀጠሮ ብቻ ነው፤ አንደኛው ዛሬ፣ ሁለተኛው በሳምንቱ። አስቀድሞ የተከተበ ሰው ሲነከስ በዕለቱና በ3ኛው ቀን የሚሰጡ ሁለት ማጠናከሪያዎች ይበቁታል። ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው፣ ተዘጋጅቶ የሚወጋ የበሽታ መከላከያ አካል (አንቲቦዲ) አያስፈልገውም። ያልተከተበ ሰው ግን ቁስሉ ከከፋ እሱም ያስፈልገዋል። እሱ ደግሞ አገራችን ውስጥ በፈለጉት ሰዓት የሚገኝ ነገር አይደለም። ክትባቱ ሀዋሳ ውስጥ የትኛው ጤና ተቋም እንዳለ ሳትነከሺ በፊት ጠይቂ። ወጪውን መጠለያው ይቻል። ለተንከባካቢዎቹም እንዲሁ ይደረግ፤ ቀኑን ሙሉ ከውሾቹ ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸው። ተከትበሽም ቢሆን ከተነከስሽ ወይም ከተቧጨርሽ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቢው። የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የነከሰሽ ውሻ ጤነኛ ቢመስልም 10 ቀን ለብቻው ታስሮ ይጠበቃል። የአንቺ ሕክምና ግን የ10ኛውን ቀን አይጠብቅም።

«ሁሉም ተከትበዋል» የሚለውን ቃል እንዳለ አትውሰጂው። መቼ? በየትኛው ክትባት? ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ፍሪጅ ነው የቆየው? መብራት ጠፍቶ ባደረበት ሌሊትስ? የእያንዳንዱን ውሻ ካርድ ጠይቂ፤ ካርድ የሌለውን እንዳልተከተበ ቆጥረሽ ከትቢው። ደግሞም መጠለያ ሳይገባ በፊት የተነከሰ ውሻ ቫይረሱን ይዞ ሊገባ ይችላል። ምልክቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፤ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። በገባ ዕለት መከተቡ ጥሩ ነው፤ ቀድሞ የገባበትን ቫይረስ ያጠፋለታል ማለት ግን አይደለም።

አሁን «ቀላል ነው» ወዳልሽው ልምጣ። ክሊኒክ ውስጥ ባለቤቱ ላሚቱን እየጎተተ ይመጣል። ትመረምሪያለሽ፣ መርፌ ትወጊያለሽ፣ ይዟት ይሄዳል። መጠለያ ውስጥ ይዞ የሚሄድ የለም። 60ዎቹም ውሾች በአንድ አየር፣ በአንድ መጥረጊያ፣ በአንድ ሰው እጅ ነው የሚውሉት። አንዱን ያስቀመጠው ነገር ነገ አሥሩን ያስቀምጣል። እዚህ ላይ የከብትና የበግ ልምድሽ ይጠቅምሻል። ጥሩ የበግ ሐኪም ከአንዷ በግ በፊት መንጋውን ያያል። የከተማ ውሻ ብቻ ያከሙ ባልደረቦቼ ይህን ዓይን ለማግኘት ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ አንቺ ይዘሽው ነው የምትገቢው።

ችግሩ መንጋውን የምታዪው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መሆኑ ነው። አምስቱን ቀን የለሽም። የፓርት ታይም ሐኪም ዋናው ሥራ ያለው ደግሞ እሱ በሌለባቸው ቀናት ውስጥ ነው። እኔ ይህ እስኪገባኝ ድረስ አንድ ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ እሳት ሳጠፋ ነው የኖርኩት። ሰኞ ማስመለስ የጀመረ ቡችላ ቅዳሜ ሲነገረኝ፣ ቡችላው ሞቶ ሌሎች አራት ደግሞ ይዟቸው እደርሳለሁ። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ከመግዛቴ በፊት ደብተር ገዛሁ። ተንከባካቢዎቹ ጠዋት ጠዋት በየውሻው ስም አንጻር አራት ነገር ይጽፋሉ፦ በላ ወይስ አልበላም፣ አስመለሰው ወይ፣ ተቅማጥ አለው ወይ፣ ጠባዩ ተለውጧል ወይ። ማታ ገጹን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልኩልኛል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሞት ቁጥር የቀነሰልኝ ከየትኛውም አንቲባዮቲክ በላይ በዚህ ደብተር ነው። የትኛውን ምልክት ሲያዩ እንደሚደውሉልሽ፣ የትኛውን ውሻ ሳይጠይቁሽ እንደሚለዩ፣ ምን ብቻ መስጠት እንደሚችሉ በአማርኛም በሲዳምኛም ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊላቸው።

ቀጥሎ ስለ ቁጥሩ። ወደ መጠለያው ስትሄጂ ከመድኃኒት ሳጥኑ በፊት ሠራተኞቹን ቁጠሪ። በመጠለያ ሕክምና የታወቀ ስሌት አለ፤ ለመመገብና ለማጽዳት ብቻ ለአንድ እንስሳ በቀን ቢያንስ 15 ደቂቃ ያስፈልጋል። ለ60 ውሻ 15 ሰዓት ማለት ነው፤ የሁለት ሰው የሙሉ ቀን ሥራ። አንድ ሠራተኛ ብቻ ካላቸው ውሾቹ በቆሻሻ ውስጥ እየኖሩ ነው፤ የአንቺ መርፌ ይህን አያስተካክለውም። ሁለተኛው ስሌት ደግሞ ይሄ ነው። በቀን አንድ ውሻ ከገባና እያንዳንዱ በአማካይ 60 ቀን ከቆየ 60 ቦታ ይሞላል። በቀን ሁለት መቀበል ከጀመሩ 120 ቦታ ያስፈልጋቸዋል፤ ካልሆነ የሚወጣበትን ቀን በግማሽ ማሳጠር አለባቸው። ሌላ መንገድ የለም። ደግ ሰዎች በር መዝጋት ይከብዳቸዋል፤ ይገባኛል። በአሞራ ገደል በኩል ስታልፊ፣ ባጃጅ የገጨው ውሻ መንገድ ዳር ተኝቶ ስታዪ ለአንቺም ይከብድሻል። ግን ለ40 ውሻ በተሠራ ቤት 60 ማስገባት 20 ማዳን አይደለም። 60ውንም ፓርቮና ዲስቴምፐር ለሚባሉ ገዳይ የውሻ የቫይረስ በሽታዎች ማጋለጥ ነው።

ስለ ፓርቮ አንድ ነገር ላክል። ቫይረሱ አፈር ላይ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሳሙና አይገድለውም። በረኪና ይገድለዋል፤ 5 በመቶ የሆነው በረኪና አንድ እጅ ለ30 እጅ ውሃ። ነገር ግን ኩሱ መጀመሪያ ካልታጠበ በረኪናውም ከንቱ ነው፤ የአፈር ወለልን ደግሞ ማጽዳት አይቻልም። ስለዚህ ቢያንስ ለአዲስ ገቢዎችና ለቡችላዎች የሲሚንቶ ወለል ያለው፣ የራሱ መጥረጊያና የራሱ ቦት ጫማ ያለው ለይቶ ማቆያ ይኑር። አዲስ ገቢ ሁሉ ሁለት ሳምንት ይቆይበት። ቡችላዎች ለፓርቮና ለዲስቴምፐር የሚከተቡት በገቡበት ዕለት ነው፤ አንቺን ቅዳሜ ድረስ መጠበቅ የለባቸውም። ይህን የሚሠራልሽ የሠለጠነ ሰው ያስፈልግሻል።

ምን እንደሚበሉም ጠይቂ። ብዙ መጠለያ ከቄራ የተጣለ ሳንባና ጉበት ያበላል፤ ርካሽ ነው፣ ውሾቹም ይወዱታል። ጥሬውን ከሆነ ግን የኮሶ ዘመድ የሆነውን ትንሽ ትል አብረው እያበሉ ነው። ከብት ሲታረድ ሳንባና ጉበት ላይ የምታዪው የውሃ ቋጠሮ የዚህ ትል ልጅ ነው። ውሻው ያን በልቶ እንቁላሉን በኩሱ ይጥላል፤ ከዚያ ወደ ተንከባካቢው እጅ፣ ወደ በጎ ፈቃደኛ ልጆች አፍ። ሰው ጉበት ውስጥ ዓመታት ተደብቆ ያድጋል። መፍትሔው ድስትና እሳት ነው። ተቆራርጦ ለ40 ደቂቃ በደንብ ይፍላ፤ ውሾቹ ደግሞ በየስድስት ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ይዋጡ። ጥሬ የውስጥ ዕቃ የሚያበላ መጠለያ ይህን ካላስተካከለ እኔ አልሠራበትም።

ከከብት ቤት ይዘሽ የምትመጪው ክፉ ልማድም አለ። የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ለከብት 1 ሚሊ ለ50 ኪሎ ነው። አምስት ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ 0.1 ሚሊ ይሆናል፤ በአምስት ሚሊ ሲሪንጅ በግምት የሚለካ አይደለም። የኢንሱሊን ሲሪንጅና ሚዛን ይኑርሽ። ሳትመዝኚ አትውጊ። ዳይክሎፌናክ ለውሻ አትስጪ፤ ሆድ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ለሰው የሚሰጠውን አይቡፕሮፌንም እንዲሁ። ለሕመም ማስታገሻ ሜሎክሲካም ፈልጊ። ላስነጠሰውም ላነከሰውም ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ) መውጋት ይቅር።

በፓርት ታይም ቀጠሮ በደንብ የሚታከም አንድ በሽታ አለ፤ በግንኙነት የሚተላለፈው የብልት ዕጢ። የጎዳና ውሾች ላይ ብዙ ታገኚዋለሽ፤ እንደ አበባ ጎመን ያበጠ፣ ደም የሚያንጠባጥብ ነው። ቢላ አያስፈልገውም። ቪንክሪስቲን በሳምንት አንዴ በደም ሥር፣ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አብዛኛውን ያድናል። መድኃኒቱ ግን የካንሰር መድኃኒት ነው። ከደም ሥር ውጪ ከፈሰሰ ሥጋ ያበሰብሳል። ጓንት አድርጊ፤ እርጉዝ የሆነች ሴት አትንካው፤ ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት የውሻውን ሽንትና ኩስ ባዶ እጁን የሚነካ ሰው አይኑር።

ወደ ማምከኑ ልምጣ። በሬ በቡርዲዞ (በማኮላሻ ጉጠት) ያኮላሸ እጅ ወንድ ውሻ ማኮላሸት ቶሎ ይለምዳል። ሴቷ ግን ሌላ ነገር ናት። ሆድ ከፍተሽ ነው የምትገቢው፤ አንድ የላላ ቋጠሮ ሌሊት ደም አፍስሶ ይገድላታል። ብቻሽን ከመጀመርሽ በፊት በሥራው ከቆየ ሐኪም ጎን ቆመሽ ቢያንስ አሥር ያህል ሥሪ። ከዚያም በቀን ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሻል። እኔ ዛሬም ከአንድ ረዳት ጋር በቀን ከአምስት ሴት በላይ አልሠራም። ለማደንዘዣ ዛይላዚንና ኬታሚን ብቻ ይዘሽ ከሆነ ሙቀቷ ይወርዳል፣ ልቧ ይዘገያል፤ ብርድ ልብስና የሚቆጥር ሰው ያስፈልግሻል። ቀዶ ሕክምና ጠዋት ብቻ ይሁን። የመጨረሻዋ ውሻ በእግሯ ቆማ ሳታዪ ከግቢው አትውጪ። አንድ ሰው ሌሊቱን እዚያ ካላደረ ደግሞ በዚያ ቀን ቢላ አታንሺ።

በዚህ ምክንያት ቅዳሜና እሁድ የሚለው ቀጠሮ አይስማማኝም። ሁለቱ ቀን ከተያያዘ ሌላው አምስት ቀን ክፍት ነው። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሥሪ፤ እሁድ የቅዳሜዎቹን ቁስል በስልክ ወይም በአጭር ጉብኝት እዪ። ሁለተኛውን ቀንሽን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከመንግሥት ሥራሽ በኋላ አድርጊው። ሁለት ሰዓት ይበቃል።

ክፍያው በእንስሳ ቁጥር አይሁን። በታከመ እንስሳ የሚከፈለው ሐኪም ውሾቹ ባልታመሙ ቁጥር ደመወዙ ይቀንሳል፤ የአንቺ ሥራ ደግሞ እንዳይታመሙ ማድረግ ነው። ወርኃዊ ቋሚ ክፍያ ጠይቂ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ንክሻም የሥራ ጉዳት ነው። ውል ከሌለሽ ግን ይህን ማስረዳት ይከብድሻል። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንሽ ከመሥሪያ ቤትሽም የጽሑፍ ፈቃድ ያዢ። በውሉ ውስጥ ሁለት ውሳኔዎች የአንቺ መሆናቸው ይጻፍ። አንደኛው አዲስ ውሻ መቼ መቀበል እንደሚቆም ነው። ሁለተኛው ከሥቃይ በቀር ምንም ያልቀረለትን እንስሳ ማሳረፍ ነው። የሁለተኛው ሸክም ከባድ ነው። ወገቡ ተሰብሮ ሊድን የማይችል ውሻ ፊት ቆሞ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ መጠበቅ ግን ከዚያ የከበደ ነው። ሲደረግም ውሻው መጀመሪያ በማደንዘዣ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ይግባ። መርዝ በምንም ዓይነት አይነካ፤ ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ ውሻውን አሠቃይቶ ይገድላል፣ ጅቡንና አሞራውንም ያስከትላል።

ጓደኞችሽ ስለ ስምሽ ያሉት አያስጨንቅሽ። በዚህ አገር የእብድ ውሻ በሽታን የሚያቆም የውሻ ሐኪም ነው። ነገር ግን 60 ውሻ በአጥር ውስጥ መከተብ ሀዋሳን ከበሽታው አያድናትም። ለዚያ ከከተማው ውሾች 70 በመቶው መከተብ አለበት። መንገድ ላይ የምናያቸው ውሾች ብዙዎቹ ደግሞ ባለቤት አላቸው፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ነው የሚዞሩት። እነሱን መጠለያ ማስገባት ሳይሆን ባሉበት ሰፈር መከተብና ማምከን ነው የሚያዋጣው። መጠለያው ከበጀቱ ላይ በወር አንድ ቀን በየቀበሌው ለሚደረግ ክትባት እንዲመድብ ጠይቂያቸው። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች አሉት፤ ተከትበው ከመጡ በአንቺ ሥር ሆነው ይማራሉ፣ ያግዙሻል።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። የሦስት ወር ውል አቅርቢላቸው። የአንቺና የተንከባካቢዎቹ ክትባት፣ ቋሚ ክፍያ፣ ለይቶ ማቆያ፣ የተቀቀለ ምግብ፣ ቁጥሩን የመገደብ ሥልጣን። ስለ ገንዘቡና ስለ ቀኑ መደራደር ትችያለሽ። ስለ ክትባቱና ስለ ቁጥሩ ግን አትደራደሪ። «በር አንዘጋም» ካሉሽ በአክብሮት እምቢ በዪና በወር አንድ ቀን በነፃ ለሰፈር ክትባት እንደምትመጪ ንገሪያቸው። እሺ ካሉሽ ደግሞ የመጀመሪያውን መርፌ በዚህ ሳምንት ተወጊ፤ ሁለተኛው ከሳምንት በኋላ ስለሆነ ሥራ የምትጀምሪው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው።